ቅቤ የጠጣው የአባባ ድንጋይ

ይድረስ ለምወድዎት እናቴ፣ ለአዮ ጁሀራ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? ብርድ ሲመጣ የሚያስነክስዎት ጉልበትዎስ ተሻለው? የሮቤ ስንዴ ገባ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ በሽታዬ ናፍቆት ብቻ ነው። የሰፈራችን ጭቃ እንኳ ናፈቀኝ ብል ይስቁብኛል፤ ግን እውነቴን ነው።

ስለ አባባ ድንጋይ ልንገርዎት። አባባ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከብት ሊገዙ ከብድሬ ከተማ ወዲያ ወደ በረሃው ወርደው ያን ጥቁር ድንጋይ በአህያ ጭነው ሲመጡ፣ ጎረቤታችን ጋሽ አምባዬ «ዘይነዲን በረሃ ወርዶ ከሰል ይዞ መጣ» እያሉ ሰፈሩን አስቀውባቸው የለ? አባባ ግን «ከሰማይ የወረደ ነው» እንዳሉ አለፉ። እርስዎም ፀጉሬን ሲሠሩኝ እንዳልቁነጠነጥ ጭኔ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ክብደቱ አሁንም ጭኔ ላይ ያለ ይመስለኛል። ወደዚህ ለትምህርት ስነሳም «የአባትሽን እውነት አውጪልኝ» ብለው አስያዙኝ።

ታዲያ አዮ፣ ምነው ያን ቅቤ ቢተዉት! አሪቲ የገባበትን ቅቤ አናቴ ላይ አድርገው ከመረቁኝ በኋላ፣ «እሱም መንገደኛ ነው» ብለው ድንጋዩንም ቀቡት። ያኔ ስቄ ነበር። እዚህ ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ስደርስ ግን የሚያስተምሩኝ ፕሮፌሰር ገና ከፌስታሉ ሳወጣው አሸተቱትና «ይህ ምን ነክቶታል?» አሉኝ። እያፈርኩ ነገርኳቸው። እንዲህ ያለው ድንጋይ ዘሩ የሚለየው በውስጡ ባለው ካርቦንና ውሃ ጭምር ነው፤ ቅባት ከዘለቀው የሰማዩን ከጓዳው መለየት ያስቸግራል። የአባባን እውነት በገዛ ቅቤያችን አጠፋነው ብዬ እህል አልወርድ አለኝ።

በመጋዝ ሲቆረጥ ግን ቅቤው ከቅርፊቱ አላለፈም። መሃሉ ጥቁርና ንጹሕ ነው፤ የስናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ክቦች ተበትነውበታል። በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ ኦክስጅኑም ተመረመረ። ካርቦናማ ኮንድራይት ተብሎ ተመደበ፤ ምድር ሳትፈጠር የነበረ የሰማይ ድንጋይ ማለት ነው። አባባ አልዋሹም። ይህን ስሰማ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ቢኖሩ ኖሮ ወሬውን ለገበያው ሁሉ ያዳርሱት ነበር።

ለወንድሜ ለሙህዲንና ለልጆቹ፣ ለእህቴ ለቢፍቱ፣ ጎባ ላሉት አክስቴ ለሀዋኒ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጋሽ አምባዬንም ሰላም ይበሉልኝ። ካርቦን ስላለበት ከሰል ማለታቸው ከእውነት አልራቀም፤ የሰማይ ከሰል መሆኑን ግን ሰው በተሰበሰበበት ይንገሩልኝ።

ሙሉውን መልሺ ብለውኝ ነበር፤ አውፍ ይበሉኝ፣ መሃሉ እዚህ ይቀራል። ቅቤ የጠጣውን ቅርፊት ግን ፕሮፌሰሩ «ለምርመራ አይሆንም» ብለው ሰጡኝ። ልልክልዎት ጠቅልዬ ከጨረስኩ በኋላ አሸተትኩትና መልሼ ፈታሁት። የአሪቲው ሽታ አልለቀቀም። እኔው ይዤው እስክመጣ ድረስ ይተዉልኝ፣ አዮ።

ልጅዎ ዙሀይራ ዘይነዲን
ቪየና፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.