ሦስት ጓጉንቸር ስላለው ደወልና ስለ አሜሪካ ቀረጥ

ለክቡር ሚስተር አልድሪክ ፎስበርገን፣
ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከብራስልስ ለተላከው የአርሶ አደሮች ድምፅ አዳማጭ ልዑክ መሪ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎችዎ፣ የጸሐፊዎችዎም ጸሐፊዎች ሁሉ ደህና እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለፈው ወር እዚህ ናውሳ ሜዳ ላይ ወዳለችው ነሮሚሎስ መንደራችን ድረስ ተቸግረው መጥተው ከኮክ ዛፎቻችን መካከል በቆሙ ጊዜ ነፋስ መትቶዎት ያስልዎት ነበርና፣ ሳሉ ለቀቀዎት ወይስ እሱም ገና ስብሰባ ላይ ነው?

እኔ ላዛሮስ ቡዚኒስ ነኝ፤ በስብሰባው አዳራሽ ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ጆሮ ላይ የሚደረገውን የትርጉም ማዳመጫ አልፈልግም ያልኩት ሽማግሌ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የልጅ ልጄ ደብዳቤውን ላስተካክልልህ ብትለኝ እምቢ አልኳት፤ ጠጉሬን እንጂ ቁጣዬን ሰው እንዲያበጥርልኝ አልወድም። ይህንንም በአውራጃችን ጋዜጣ ያወጣሁት፣ በፖስታ ብልከው ከሌሎቹ ጋር ተቀምጦ ተራ እንዳይጠብቅ ነው።

አንደኛ፦ ለሰጡን ሰማያዊ ጃንጥላ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። አሥራ ሁለቱም የባንዲራችሁ ኮከቦች ያምራሉ። ቀረጥ ለወደቀበት ሰው ጃንጥላ መስጠት የታሰበበት ነገር ነው።

ሁለተኛ፦ ችግራችንን እንዳይረሱት ልድገመው። አሜሪካ በጣሳ በሚታሸገው ኮካችን ላይ ቀረጥ ጣለች። የዚያ አገር ነጋዴም ለማሸጊያ ፋብሪካችን “ወይ ዋጋ ቀንሱ ወይ ራሳችሁ ብሉት” ብሎ ጻፈ። ፋብሪካው ደግሞ፣ አውሮፓ ምን እንደምትመልስ ሳያውቅ የሐምሌን ፍሬ እረከባለሁ ብሎ እንደማይፈርም ነገረን። ልጄ ስታቲስ ይህን ሲሰማ ኤክስካቫተር ተከራየ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ የእርሻችንን ዛፎች በሙሉ ይነቅላል። እነዚያን ዛፎች አንድ በአንድ ያዳቀለቻቸው ሟች ባለቤቴ ፓርቴና ናት።

ይህን ሁሉ ነግረንዎት ስናበቃ እርስዎ በረጋ ድምፅ “ታገሱ፤ ሃያ ሰባታችንም አገሮች በአንድ ድምፅ እስክንናገር ድረስ ነው” አሉን። ከኋላ የተነሣችው ጎረቤቴ ኤቭላምቢያ “እኛስ እንታገስ፤ ኮኩን ማን ያስታግሰው?” ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አስተርጓሚዎ እንኳ ሳቀች እንጂ አልተረጎመችልዎትም። እነሆ እኔ አደረስኩልዎት።

ሦስተኛ፦ ስለ ደወላችን ላጫውትዎ። እርስዎ በማማሩ ፎቶግራፍ አንሥተውታል፤ ጓጉንቸሮቹን ግን አላዩም።

በዚህ ሜዳ በረዶ ጥቁር ደመና ተሸክሞ በድንገት ይመጣል። ድሮ መጀመሪያ ያየ ሰው ሮጦ ደወሉን ይደውላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም በዛፎቹ ላይ መረቡን ይዘረጋል፣ የለቀመውንም ከጣሪያ በታች ያስገባል። ታዲያ አንድ ዓመት ደወሉ ሁለት ጊዜ በከንቱ ተደወለና ላይ ሰፈር ታች ሰፈርን፣ ታች ሰፈር የወፍጮ ሰፈርን ወቀሰ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቻችን ተሰብስበው የሚያኮራ መፍትሔ አገኙ፦ ገመዱ በሣጥን ይግባ፣ ሣጥኑ ሦስት ጓጉንቸር ይኑረው፣ እያንዳንዱ ሰፈር አንድ አንድ ቁልፍ ይያዝ። በጭብጨባ ጸደቀ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

በረዶው በመጣ ቀን አንደኛው ባለ ቁልፍ ክርስትና ተጠርቶ ናውሳ ሄዷል። ሁለተኛው ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ሚስቱን ይጠይቃል። ሦስተኛው ዚሲስ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ “ደመናው ከኔ እርሻ በላይ አይደለም፤ ለሰው ኮክ ብዬ ሾርባዬን አላቀዘቅዝም!” አለ። ይህን ጊዜ ፓርቴና መጥረቢያ ይዛ ደረሰችና በጀርባው ሦስቱንም ጓጉንቸር ሰባብራ ደወለች። ግማሹ መንደር መረቡን ዘረጋ። ደመናውም ዞር ብሎ ከዚሲስ እርሻ ጀመረ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ጠርተው “አንቺ ሴትዮ፣ ማን ፈቀደልሽ?” አሏት። “በረዶው” አለቻቸው። እነሱም ገሥጸው አሰናበቷትና ጓጉንቸሮቹን በአዲስ ተኩ። እስከ ዛሬም አሉ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ሲናገሩ እንግዳ አልሆኑብኝም፤ ያገሬን ልጅ እንዳገኘሁ ነው የቆጠርኩት። ከሃያ ሰባታችሁ አንዱ ወይን ጠጄን ይላል፣ አንዱ መኪናዬን ይላል፣ ሌላው ደመናው ከኔ በላይ አይደለም ይላል፤ ሾርባው ግን ከሁሉም ቤት ይሸታል።

አራተኛ፦ አስተርጓሚዎ ስንሰነባበት ለብቻዬ ጠጋ ብላ “አባባ፣ ለቀረጥ መልስ ለመስጠት እኮ ሕጉ የሁሉንም እሺታ አይጠይቅም፤ አብዛኞቹ ከተስማሙ ይበቃል” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለካ በተከፈተ በር ፊት ቆማችሁ ነው ቁልፍ የምትፈልጉት። የኛዎቹስ ሞኞች ቢሆኑም ቢያንስ በእውነት ቆልፈው ነበር።

ከቡና ቤታችን ፎቲስ “ይሄ ኅብረት የሚባለው ፈርሶ ይገላግለን፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይሩጥ” ይላል። እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። እኔ የታች ሰፈር ልጅ፣ ፓርቴና ደግሞ ከላይ ሰፈር፣ ድሮ በስደት መጥተው ከሰፈሩት ወገን ነበረች፤ አይሆንም ሲሉን በአንድ ምድጃ አርባ ዓመት ኖርን። ብቻውን የሮጠ ሰው በረዶ ሲመታው አይቻለሁ። የምለምነው ኅብረቱ እንዲፈርስ አይደለም፤ አንዴ እንኳ ኅብረት እንዲሆን ነው። ስታቲስ ቃል ሰጥቶኛል፦ ቅዳሜ ሳይደርስ ከናንተ ቁርጥ ያለ መልስ ከወጣና ፋብሪካው ከፈረመ፣ ኤክስካቫተሩ ከበራችን ይመለሳል።

ካልወጣም አይጨነቁ። ደወላችን ሌላ ገመድ አለው፤ የሙት ገመድ። እሱ ጓጉንቸር የለውም። ፓርቴና ያረፈች ዕለት ዓይኗን ሳልከድን ነው የተደወለላት፤ ለሐዘን ሦስቱም ሰፈር ወዲያው ይስማማል። ቅዳሜ የመጀመሪያው ዛፍ ሲነቀል እሱን እስባለሁ። ስታቲስ “አባዬ፣ ኧረ ሰው ምን ይለናል?” ብሎኛል። ምን ይላል፤ ማን ሞተ ይላል። እኔም እነግራቸዋለሁ።

ትዕግሥትዎን ያላጎደለብዎት አምላክ ለእኛም ከተረፈው እንዲያካፍለን እየጸለይኩ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ፣
ላዛሮስ ቡዚኒስ
እስከ ቅዳሜ ድረስ ኮክ አብቃይ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ካፊያ ሲጥል ጃንጥላዎን ልዘረጋው ሞከርኩ። ግማሹ ተከፈተ፣ ግማሹ እምቢ አለና ኮከቦቹን ይዤ በሰበስኩ። ፓርቴና ብትኖር በመጥረቢያ ጀርባ ትከፍትልዎት ነበር።