የሰዓዲያ ገንፎ

ተሻለ፣

ሎሪው ጥሩንባውን እየነፋ ነው። ለሰሊጥ ጥበቃ ወደ ባሱንዳ እርሻ ሄጃለሁ። ሳልቀሰቅስህ የወጣሁት ንዳድህ በረድ ብሎ እንቅልፍ ስለወሰደህ ነው። የወባው ክኒን ትራስህ ሥር አለ። በባዶ ሆድ እንዳትውጠው።

ትናንት ሰዓዲያ ከሱቋ ድረስ ያመጣችልህን ገንፎ ለውሻ ደፋኸው። የሙስሊም ቤት ቅቤ ጾም ያስገድፈኛል ብለህ ነው። ከዚያ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ፣ "እግዚአብሔር ሱዳን ድረስ አይመጣም፤ ረስቶኛል" እያልክ አለቀስክ። አንተ ጻድቅ! ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ በሽተኛን ማን ግድ አለው?

ስማ። ሰዓዲያ ድስቱን ሳትጥድ በፊት በር ላይ ጠርታኝ ነበር። "አያ ዘማርያም፣ ጾም ላይ ናችሁ አይደል? ቅቤውን ልተወው?" አለችኝ። በሰሊጥ ዘይት ነው የሠራችልህ። የገዛ እናትህ ብትሆን፣ ታሟል ብላ ቅቤውን ታፈስበት ነበር።
ቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር። ይሁን።

ማን እንዲመጣልህ ነበር የጠበቅከው? ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ? በሰዓዲያ እጅ ሳህን ይዞ በርህን ሲያንኳኳ መለስከው፤ አሁን ረሳኝ ትላለህ።

ዛሬ ጠዋት፣ "በላልኝ?" አለችኝ።
"ጠርጎ በላ" አልኳት።
ደስ ብሏት፣ "ወላሂ፣ ለምሳም እሠራለታለሁ" አለች።
በስተርጅና አስዋሸኸኝ።

ቀትር ላይ በሩ ይንኳኳል። ተነሥተህ ራስህ ክፈት። ውሸታም ሆኜ እንዳልቀር ጠርገህ ብላ፤ ሳህኑንም አጥበህ መልስላት።

ዘማርያም