የባይከስ ጫካ ሁለት በር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 2 ሰዓት።

ከማጂ እስከ ቴፒ ያለውን አገር በሙሉ ካርታ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። እሺ፣ የሳለችው አስቴር ናት። ኮምፒዩተሩም የእሷ ነው። ግን ማን ነገራት? እኔ። እሷ ከሚዛን ከተማ ወጥታ የምታውቀው በመኪና መስኮት ያየችውን ብቻ ነው።

ደብተሬ፣ አስቴርን አታውቃትም። እኔ በቀን የምጠብቀው ሕንጻ ሥር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ዕድሜዋ ሃያ አምስት፣ ምላሷ ስልሳ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ለኦንላይን ጨዋታ ካርታ ትሠራለች። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ካርታው በግዛት ይከፋፈላል። ተጫዋች ጦሩን ያሰፍራል፣ ዳይስ ይጥላል፣ በመስመር የተገናኘውን ጎረቤቱን ይወጋል። ሁሉን የያዘ አሸነፈ። የስንቱ አገር ካርታ አለ አለችኝ። የእኛ የለም። እኛ ምን አጠፋን? ገባሁበት። ሰኔ ላይ የማታ ትምህርት ጨረስኩ፣ ጥቅምት ላይ የካርታ አማካሪ። አስተማሪዬ ይስማ።

ዛሬ ግን ደሜ ፈልቷል። በሸኮና በቴፒ መሃል ያለውን ጫካ አረንጓዴ ቀብታ «ባዶ» ብላ ጽፋበታለች። አነበብኩት። ሁለት ፊደል። ማንበብ ባልችል ኖሮ አልናደድም ነበር። የትምህርት ጥቅሙ ይኸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከሰዓት።

ትናንት ሙሉ ቀን ኮረፍኩ። ሰላምታዋን ጭንቅላቴን ነቅንቄ ብቻ መለስኩ። ዛሬ አልቻልኩም፣ ፈነዳሁ። ጋሼ ማርቆስ፣ ጨዋታ እኮ ነው አለች። በጨዋታው ሕግ ባዶ ቦታ ያገኘ ሰው ዝም ብሎ ይወስደዋል! እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። የእኛ ጫካ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ጅረት የእገሌ ነው፤ ኮቦ እንለዋለን። ሌላ ሰው ሳያስፈቅድ ቀፎ ቢሰቅልበት ሽማግሌ ፊት ይቆማል። አጥር የለም፣ ሁሉም ግን ያውቃል። ያ አረንጓዴ የተቀባው የአባቴ የባይከስ ነው። አባቴ አርፏል። አሁን ወንድሜ ጴጥሮስ ይሰቅልበታል። እኔ ከተማ ገብቼ የሰው በር እጠብቃለሁ።

ይህን ሁሉ ቆሜ ነገርኳት። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የመጡ ሁለት ሰዎችም ተማሩበት። አስቴር ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋችው። «እንግዲያው ራስዎ ይጻፉት።»

በአንድ ጣት ጻፍኩ። ባ። ይ። ከ። ስ። «ከ»ን ፍለጋ ብዙ ቆየሁ። አስቴር አላገዘችኝም፤ ስላላገዘችኝ ወደድኳት። የአባቴን ስም ስጽፍ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው የማታ ትምህርት መመዝገቢያ ላይ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8።

የተረገመ ቀን። ካርታውን የሚመረምሩት ፈረንጆች መልስ ላኩ። ማጂን ወደዱ። ሸዋ ቤንችን ወደዱ። የባይከስ ጫካ ግን በሸኮ በኩል ብቻ ነው የሚገባበት፣ መግቢያው አንድ ብቻ የሆነ ግዛት ለካርታው አንድ ይበቃል፣ እሱም ማጂ ነው፣ ለጫካው ሁለተኛ መንገድ ካልተገኘለት ይሰረዝ አሉ።

ይሰረዝ! ሸኮን በአፉ መጥራት የማይችል ሰው የአባቴን ስም ይሰረዝ ይላል። ወንበር ረገጥኩ። ወንበሩ የአስቴር ነው፣ እግሩ ተነቃነቀ፣ ይቅርታ አልጠየቅኩም።

አስቴር ቀስ ብላ ጠየቀች። ጋሼ፣ በቴፒ በኩል ወንዙ መሻገሪያ የለውም?

አለ አልኳት። አባቴ በጉብዝናው ራሱ የጣለው ግንድ አለ። አንድ መጥረቢያ፣ አንድ ቀን። ሦስት ሰው ተያይዞ አይዞረውም። የዛፍ ሽበት ለብሷል፣ ከላይ መያዣ ሐረግ ተዘርግቶለታል። እያወራሁ እጄን ዘረጋሁ፣ በአየር ላይ ተሻገርኩት። አስቴር ሳቀች፣ መስመሩን ሳበችው፣ ላከችው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12።

አለፈ! ለሙከራ ተለቀቀ። የሰው ዓይን እያየው ይስተካከላል፣ በሳምንቱ ረቡዕ ይታተማል፣ ከዚያ ወዲያ አይነካም። ዛሬ ያልነገርኩት የባጃጅ ሹፌር የለም። አንዱ፣ አንተ ያለህበት ካርታ መንገድ ያስታል አለኝ። አንተ ያለ ካርታም ትስታለህ አልኩት። ደህና ቀን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። 11 ሰዓት።

ፊደሌ ከተበላሸ በንዴት ነው፣ ባለማወቅ አይደለም።

ዛሬ አስቴር ቤት ተቀምጬ አምስት ጨዋታ አየሁ። በአምስቱም መጀመሪያ የወደቀው የአባቴ ጫካ ነው። ከቴፒ ይነሳሉ፣ መሻገሪያውን ያልፋሉ፣ ጫካውን ይረግጣሉ፣ ሸኮን ይወጋሉ። የሚቀመጥበት እንኳ የለም! አንድ ጦር ጥለው ይሄዳሉ፣ ሌላው ተከትሎ በዚያው ይመጣል። አውራ ጎዳና! ማን አስፈቅዷቸው? ስክሪኑ ላይ ጮህኩ። ሰው ሳቀ። ሲስቅ ባሰብኝ።

ወደ አስቴር ዞርኩ። የአባቴን ደጅ መተላለፊያ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፣ መስመሩን የሳብሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ያሉኝን ነው የሳልኩት አለች። በስድስት ሰው ፊት «ውሸታም!» አልኳት።

የፎቶ ኮፒውን መስታወት መጥረግ ጀመረች። ንጹህ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15።

ጴጥሮስ ማር ይዞ ገበያ መጣ። ታናሼ ነው፣ ፊደል አልቆጠረም። ጎትቼ አስቴር ቤት አስገባሁት። ለእሱ ተነስታ ወንበር ሰጠችው። እኔን አላየችኝም።

ስሙን አሳየሁት። የአባታችን ነው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኩ። እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ ነካ፣ ስክሪኑ ማር በማር ሆነ። ደስ አለው። ዓይኑ ሁሉ ስቋል። ከዚያ ጣቱ መስመሩን ይዞ ወደ ቴፒ ሄደ። ቆመ።

«ወንዙን የት አደረጋችሁት?»

አስቴር አየችኝ። ደርቋል፣ በጋ ነው አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቀልድ ሲከሽፍብኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እሺ፣ የመጀመሪያዬ አይደለም። እንዲህ ዝም የተባልኩበት ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ጴጥሮስ ሲወጣ አንድ ጣሳ ማር ለአስቴር ሰጠ። ለእኔ የለም። በየገበያው የማይቀርብኝ ማር!

ሰኞ፣ ጥቅምት 17።

ሁሉንም ጠልቻለሁ። መርማሪዎቹን። ከቴፒ የሚነሱትን ሁሉ። ጴጥሮስን፣ ጮሆ እንኳ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት። ፊደል ያስቆጠረኝን ሰውዬም። በፊት አወራለሁ፣ ንፋስ ይወስደዋል። አሁን ይጻፋል፣ ይሳላል፣ ሰው ይሄድበታል።

አስቴር ደረጃው ላይ አለፈችኝ። «እንደምን አደሩ» ብቻ። ጋሼ የለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል።

ዛሬ ይታተማል። እሷ 2 ሰዓት ትከፍታለች። ከእሷ በፊት ለአንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ፣ አንተ ሰው ፊት አትስቅብኝም።

በዚያ ወንዝ በኩል ወደ ጫካችን የገባ ሰው አላውቅም። አባቴ ቴፒ ሲሄድ በሸኮ ዞሮ ነው፣ ማር ተሸክሞ፣ በዝናብም። ልጅ ሆኜ አስታውሳለሁ፣ የወዲያ ማዶ ሰዎች መጥተው ግንድ እንጣልና እንገናኝ አሉት። እምቢ አለ። ለመኑት፣ እምቢ። ሲሄዱ እኔን ወንዙ ዳር ወሰደኝና አሳየኝ። ይህ እስካለ በአንድ በኩል ብቻ መጠበቅ ይበቃኛል አለ። እኔ ደግሞ ስሙ እንዳይሰረዝ ብዬ ያንን ከፈትኩት። ስሙን አስቀርቼ ጫካውን ሰጠሁ።

መስመሩ ይጥፋ። መስመሩ ከጠፋ ስሙም ይጠፋል፣ ጫካው ከሸኮ ጋር ይቀላቀላል፣ ሕጋቸውን አውቀዋለሁ። ይጥፋ። «ባዶ» ግን አይባልም፣ በዚያ አልለቃትም።

ውሸታም ያልኳት በሰው ፊት ነው። ስለዚህ ሰው እስኪገባ እጠብቃለሁ። ቢያንስ ስድስት። ምን እንደምል እዚህ ልጻፍ፣ እዚያ ስደርስ ቀልድ እንዳይቀድመኝ፦ አስቴር፣ አባቴ ምንም ግንድ አልጣለም። መጥረቢያውንም፣ ሽበቱንም፣ ሐረጉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ።