ነገ እነግርዎታለሁ

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ
ሃይፖይንት የገበያ ማዕከል ሄጄ ለያኔት ጃኬት ገዛሁላት። አልወደደችውም። የእኔ ልጅ ምን ትወዳለች?
ከሰዓት ጎረቤቴ ወንጌላዊት ፊትዝሮይ ሰፈር ሲኒማ ቤት ይዛኝ ሄደች፣ የኢራን ፊልም ልታሳየኝ። «ትንሽ ተዝናኚ» ብላ። መዝናናት እቴ! ሰው የገደለ ወጣት ሞት ተፈርዶበታል። የሟች እናት ይቅር ካለችው ይተርፋል። በየማለዳው ወንበር ላይ ያቆሙታል፣ ገመዱን አንገቱ ላይ ያስገቡና እሷን ይጠይቋታል። «ነገ» ትላለች። ያወርዱታል። በማግስቱ ደግሞ እንደዚያው...
ወንጌላዊት ስታለቅስ ነበር። ስለ ወንድሜ ስለ አምኃ ነግሬያት አላውቅም።

ሰኔ 8፣ እሑድ
ከቅዳሴ ስወጣ ጋሼ ጸጋዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጠበቁኝ።
«ልጄ ማንተግቦሽ፣ ኪሮስ የአክስትሽ ልጅ ነው። አንድ ቤት ነው ያደጋችሁት። የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እንዲለወጥለት ምሕረት ጠይቋል። የሟች እህት ታርቃለች ከተባለ ይረዳዋል። ወደ አገር ቤት በስልክ አንድ ቃል ብቻ...»
ወንድሜን በቢላ የወጋው እኮ እሱ ነው! ለአንድ አሮጌ ቤት ውርስ። ከአምኃ ጋር አንድ ማዕድ የበላ ሰው።
«ነገ እነግርዎታለሁ፣ ጋሼ።»
ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

ሰኔ 9፣ ሰኞ
ጋሼ ደወሉ። «ነገ» አልኳቸው።
ከትርፉ ክፍል የወንበር ድምፅ... ሲጢጥ። ያኔት ትምህርት ቤት ናት። ቤቱ አርጅቷል፣ ብርድም ነው፣ እንጨት ይንጫጫል። ሄጄ አየሁ። ማንም የለም። ወንበሩ ግን ግድግዳውን ለቆ ክፍሉ መሐል ቆሟል።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ
ያኔት «ኖ፣ ማም፣ አልነካሁትም» አለችኝ። ወደ ግድግዳው መለስኩት። ከሥራ ስገባ መሐል ላይ ነው።
ትራም ውስጥ የሰው አንገት ብቻ ነው የሚታየኝ። ስካርፍ ያደረገ ሳይ እፎይ እላለሁ። ምን ነካኝ?
ለጋሼ ዛሬም «ነገ»።

ሰኔ 15፣ እሑድ
ቅዳሴ ቀረሁ። ጋሼን ሸሽቼ።
ልብስ ላጣጥፍ ትርፉ ክፍል ገባሁ፣ በጠራራ ፀሐይ። ከአናቴ በላይ ሰው ይተነፍሳል። ከፍ ያለ ነገር ላይ የቆመ ሰው። ቀና አላልኩም። አምኃ ቢሆን ባልፈራሁ። ያ ሰውዬ ነው። ቃሌን እየጠበቀ ነው።
ይጠብቃ! አምኃስ መሬት ላይ ተዘርሮ ሰው እስኪደርስለት አልጠበቀም?
ልብሱን ጥዬ ወጣሁ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ
ከሰዓት ሻይ ላፈላ ስል ጓ! አለ። ወንበሩ ተገልብጦ ወድቋል። ከዚያ ጸጥ... ፍሪጁ እንኳ አይሰማም። ያኔት እስክትመጣ በረንዳ ላይ በብርድ ቆምኩ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ
ጋሼ መደወል ትተዋል። ሰልችቻቸው ይሆናል። ራሴም ሰልችቶኛል። መጥላት እንዲህ ያደክማል?
ነገ ይቅር እላለሁ። የእውነት ነገ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ
በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ጸጋዬ፣ እትዬ ታየች፣ ሌሎችም። ለመልሱ የመጡ መስሎኝ አፌ ቸኮለ።
«ይቅር ብዬዋለሁ፣ ጋሼ! አሁኑኑ ይደውሉላቸው!»
እትዬ ታየች ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። መርዶ! የወንድሜን ገዳይ ሞት ሊያረዱኝ... ዘመዴ ነዋ።
«እስር ቤት ታሞ ነው፣ ልጄ።»
«መቼ?»
«ማክሰኞ። በአገር ቤት ጠዋት፣ በእኛ ከሰዓት።»
«ይቅር ማለቴን ሳይሰማ?»


ሰኔ 22፣ እሑድ
ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። መቀመጫ አልበቃ ሲል የትርፉን ክፍል ወንበርም አወጡት። እትዬ ታየች ተቀመጡበት። ሲጢጥም አላለም።
ወንጌላዊት ምግብ ይዛ መጣች። አቅፋኝ ቆየችና በጆሮዬ «ማነው የሞተብሽ?» አለችኝ።
«ወንድሜ» አልኳት። ኪሮስን ማለቴ ነው።