የጋሽ ታደሰ ረጅም ምርቃት

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9፤ አሰላ

የፈረሰው ሰፈራችን ሰዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዋቄፈታውም፣ በየእምነታችን የምንመራረቅበትን የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈትኩ ወር ሆነኝ። ዛሬ “የድምፅ መልእክት ከአንድ ደቂቃ አይለፍ” ብዬ ሕግ ሳወጣ፣ ጋሽ ታደሰ ተቀይመው ወጡ። የእሳቸው ምርቃት አሥራ አራት ደቂቃ ነው፤ ሬዲዮ እንኳ መሃል ላይ ዘፈን ያስገባል! ድሮ በጎረቤታችን በሐጂ ከድር ደጃፍ ሲመርቁ፣ እኛ ልጆች በብርድ እየዘለልን “አሜን” እንል ነበር። ያ ደጃፍ ናፈቀኝ።

ሐጂ ከድር አሁን ከሚኖሩበት ከአቦምሳ ደወሉ። “አንቺ ቀበጥ፣ እስከ መጨረሻው ሰምተሻቸው ታውቂያለሽ?”

“እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው አለ እንዴ?”

“እኔ አለሁ።”

የጋሽ ታደሰን የድምፅ መልእክት ከፍቼ ሰማሁ። ለካ ጋሽ ታደሰ የፈረሰውን ሰፈር በሐሳባቸው በየበሩ እየዞሩ ነው የሚመርቁት። አሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እኛ ቤት ደረሱ፤ ውሻችንን ሳይቀር በስሙ መረቁት።

ሕጉን አጠፋሁት። እሳቸው ግን ስልካቸውን አያነሱም።