በእጄ የተረከብኳት

ጥቅምት 9

መቻራ። ከጠዋት ጀምሮ ለድሬዳዋው ልብስ ፋብሪካ የምልመላ ፈተና። ሃያ ስድስት ልጆች፣ አንድ ጠባብ ክፍል። ጣውላው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በትንንሽ ችንካሮች መሙላት ነው። መጀመሪያ በቀኝ እጅ፣ ቀጥሎ በግራ፣ ከዚያ በሁለቱም። ሰዓት የምይዘው እኔ። አብዛኞቹ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ሹክሪያ የምትባለዋ ግን ጨርሳ ቀና አለችና «ሌላ የለሽም?» አለችኝ። የለኝም። እስከ ዛሬ ከፈተንኳቸው እንደሷ የፈጠነ የለም።

አባቷ ኦቦ ኢዘዲን እምቢ አሉ። ድሬዳዋ ሩቅ ነው። የልብስ ፋብሪካው የማን ነው? ልጄ ብትጠፋ ማንን ልጠይቅ?

የኔ ዘዴ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እጄን ዘረጋሁ። «እኔን ይጠይቁ» አልኳቸው። እዚህ አገር አባት ልጁን ለሰው ሲሰጥ እጇን ይዞ ተቀባዩ መዳፍ ላይ ያስቀምጣል፤ «አማና» ይላል፤ አደራ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። በሰው እጅ የሄደች በሰው እጅ ትመለሳለች። አምና አንድ መንደር ውስጥ አየሁና ያዝኩት። አለቃዬ አቶ ኃይለየሱስ በጣም ወደደው፤ የምልመላ መመሪያው ውስጥ ገባ። «ደረጃ ሦስት፦ እጅ መረከብ።» የሌሎቹን ዞኖች መልማዮች ያሠለጠንኩትም እኔ ነኝ። ስላይድ ሠርቼ።

ኦቦ ኢዘዲን ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ የሹክሪያን እጅ መዳፌ ላይ አኖሩት። ሻካራ ነው። ይሞቃል።

አርባ ሦስተኛዬ ናት።

ጥቅምት 24

አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ ልታስወጣ ነው። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ። በጦርነቱ ምክንያት ይላል። ስልኬ ላይ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

እማዬ ምን ሆነሽ አለችኝ። አስረዳኋት። እዚህ የተሰፋ ሸሚዝ እስካሁን ያለ ቀረጥ ይገባላቸው ነበር። ከእንግዲህ ቀረጥ ይጫንበታል፤ አንዳንዱ ልብስ ላይ እስከ ሠላሳ በመቶ። ገዢው ይህን አይሸከምም። ትእዛዙን አንስቶ ቀረጥ ወደሌለበት አገር ይሄዳል። ጦርነቱን ያመጣው ሌላ፣ የሚቀጣው ሌላ…

«እና ልጆቹ?» አለች።

አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተማርኩ። እማዬ በሁለት ቃል ደረሰችበት።

ጥቅምት 26

አቶ ኃይለየሱስ ዘንድ ገባሁ። አዲሶቹን ስድስት ልጆች ነገሩ እስኪጣራ እናቆያቸው አልኩት። ሳቀ። ዋሽንግተን የተወራው መቻራን ምን አገባው? የሩብ ዓመቱ ዕቅድ ስድስት ሰው ይጎድለዋል። ልክ ስድስት።

«ያንቺ ሥራ መላክ ነው እህቴ። ትንቢት አይደለም።»

ኮንትራቴ የሚታደሰው በወር በወር ነው። እሱን አላነሳውም። ማንሳትም አላስፈለገውም።

ጥቅምት 28

አሳፈርኳቸው። ሹክሪያ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። ገና ሁለት ወር አለ ብዬ… ምናልባት ይራዘም ይሆናል ብዬ።

ውሸት። አውቅ ነበር።

ታኅሣሥ 24

ከትናንት ጀምሮ የአጎዋ በር ተዘግቷል። እኛ ያለንባት ጭሮ ምንም አልሆነችም። ባጃጁ ያው፣ የጫት ገበያው ጩኸት ያው።

ጥር 19

ሹክሪያ ደወለች። ማሽኖቹን ሸፍነዋቸዋል። ልጆቹን መሬት እያስጠረጓቸው ነው። ያለቀውን ሸሚዝ ገዢው አልወስድም ስላለ፣ የገዢውን ምልክት ከየአንገቱ በመቀስ ሲቆርጡ ይውላሉ። እዚሁ አገር በርካሽ ሊሸጥ ነው።

«በደቂቃ አሥራ ሁለት እቆርጣለሁ» አለችኝ። እየኮራች።

ምን ልበላት? በርቺ አልኳት።

የካቲት 11

ግቢያችን ውስጥ ከአርባ ሦስቱ አሥራ አንዱ ልጆች አሉ። ሌሎቹ እዚያው ድሬዳዋ ቀርተዋል።

ጠዋት ከድሬዳዋ መጥተው በሩን አንኳኩ። ፋብሪካው እረፍት ውጡ ብሏቸው ነበር፤ እረፍቱ ስንብት ሆነ። ወደ የቤታችሁ ሂዱ፣ መኪና ላሳፍራችሁ አልኩ። አንዷም አልተንቀሳቀሰችም። ምን ነካችሁ? ሹክሪያ እንደ ሞኝ አየችኝ።

«በእጅሽ ወስደሽን ብቻችንን እንግባ? ኮበለሉ፣ ተባረሩ ይበሉን?»

ልክ ናት። ዘዴዬ ዘዴ መሆኑን እነሱ አያውቁም።

አቶ ኃይለየሱስን መኪና ጠየቅኩት። ለመላኪያ የበጀት ርዕስ አለ፤ ለመመለሻ የለም። ይህን ሲለኝ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ምንም።

እማዬ ትልቁን ድስት አወጣች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 15

አቶ ኃይለየሱስ ወረቀት አቀረበልኝ። ከላይ የልጆቹ ስም ዝርዝር፣ ከታች የኔ ስም። «በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ የለቀቁ» ይላል።

ለምን? ገባኝ። ፋብሪካው ካሰናበታቸው የተፈጠረው የሥራ ዕድል ከሪፖርቱ ይወጣል። በፈቃዳቸው ከለቀቁ ግን ዕድሉ ተፈጥሯል፤ ጥፋቱ የነሱ ነው። ፋብሪካውም የስንብት ክፍያ ከሚባል ነገር ይገላገላል። ሁሉም ይገላገላል።

ከመጋቢት ጀምሮ ቋሚ ትሆኛለሽ አለኝ።

«ልጆቹ ደጄ ላይ ተኝተዋል» አልኩት።

«ሪፖርቱ ላይ ግን አልተኙም።»

ወረቀቱን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ለሁለት ቀድጄ። በጣም ደስ አለኝ። ምን ዋጋ አለው… ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ ነው።

የካቲት 29

በሕዝብ መኪና፣ አንድ በአንድ እየመለስኳቸው ነው። ቦርደዴ ሁለት። አንደኛው አባት የልጁን እጅ ተቀበለኝ፣ ወደ ቤት አስገባት፣ ተመልሶ ወጥቶ አንድ ቃል ሳይናገር በሩን ዘጋው። ውኃ እንኳ ጠጪ አላለኝም። በዚህ አገር ለጠላትም ውኃ አይነፈግም።

አሥሩን ጨረስኩ። ሹክሪያ ቀረች። መቻራ ሩቅ ነው፣ መንገዱም መጥፎ ነው። እሷን መጨረሻ ያደረግኳት ግን ለዚያ አይደለም። የኦቦ ኢዘዲንን ዓይን ፈርቼ ነው።

መጋቢት 13

መቻራ።

መኪናው ውስጥ ሹክሪያ ሙሉውን መንገድ አወራች። አባቷ ቡናውን አጥቦ ለብቻው እንደሚያሰጣ፣ ሰው እንደማያስነካ። ቤቱ ታየ። እጇን ያዝኩ። ኦቦ ኢዘዲን ደጃፍ ቆመው ነበር፤ ሰው ነግሯቸዋል።

ሰላምታዬን መለሱ። እጇን ወደሳቸው ዘረጋሁ። «አማናዎን መልሻለሁ» አልኳቸው።

እጃቸውን አላወጡም። ከኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በአፋን ኦሮሞ ነው የተጻፈው፤ ቀበሌው አንብቦላቸዋል። ሹክሪያ ኢዘዲን በሥነ ምግባር ጉድለት ተገሥጻ በገዛ ፈቃዷ ሥራዋን ጥላ ሄዳለች ይላል። ማኅተም። ከማኅተሙ ሥር ስሜ። ከስሜ ላይ ፊርማዬ። የራሴው ፊርማ፣ ጭራዋ ሳትቀር።

«ይሄ አንቺ ነሽ?»

አልፈረምኩም አልኩ። የፈረመብኝ አለ፣ አስመስለው ነው፣ ፋብሪካው ተዘግቶ ነው፣ አሜሪካ… አሜሪካ ስል ራሴን ሰማሁት። መቻራ ላይ ቆሜ፣ ከአንድ የቡና ገበሬ ፊት፣ አሜሪካ እላለሁ።

«ማኅተም አለው» አሉ። ከዚያ ሹክሪያን ሳያዩ፦ «ጥላ የሄደች ልጅ አላውቅም። አንቺ ጽፈሽ፣ አንቺ ይዘሽ መጣሽ። ያዣት።»

እሷም አላለቀሰች፣ እኔም። ከሰዓት በኋላ በዚያው መኪና ተመለስን። 

መጋቢት 15

ደብዳቤውን የጻፈችው አይናዲስ ናት፣ የአለቃዬ ጸሐፊ። ሻይ ቤት አስቀምጬ ጠየቅኳት። ለየቀበሌው ሁሉ ተልኳል። የሌሎቹ ከልጆቹ በኋላ ደረሰ፤ የመቻራው ብቻ ቀደመኝ። እኔ ስለፈራሁ፣ ስላዘገየሁ ቀደመኝ።

ፊርማዬን ከየት አመጣችሁት? አንገቷን ደፋች። ከፈተና ቅጽ ላይ። ከሹክሪያ ቅጽ ላይ። «ደረጃ አንድ፣ እጅግ ፈጣን» ብዬ የፈረምኩበት።

«ልጆች አሉኝ ሣህሊቱ» አለች።

የሌላ ሰው ልጅ ግን ልጅ አይደለም ማለት ነው።

ሚያዝያ 6

ዛሬ የዘጠኝ ወር አፈጻጸም ግምገማ ነበር። አዳራሹ ሙሉ። ከየወረዳው የመጡ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። አቶ ኃይለየሱስ መድረክ ላይ ያነባል። ቋሚ የሥራ ዕድል የተፈጠረላቸው ሴቶች፣ አርባ ሦስት። ተጨበጨበ።

ሹክሪያን አስከትዬ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ተነሣሁ። እጇን ይዤ መሃል ለመሃል ሄድኩ። ጭብጨባው ገና አላለቀም።

«አርባ ሦስተኛዋ ይቺ ናት» አልኩት። «አባቷ በእርስዎ መመሪያ፣ በደረጃ ሦስት፣ እጇን አስረክበውኛል። እርስዎ በኔ ስም በፈረሙት ደብዳቤ ምክንያት አባቷ አልቀበላትም ብለዋል። እንግዲህ እርስዎ ይረከቡኝ።»

እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

ጭብጨባው ቆመ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የተዘረጋ እጅ ምን እንደሆነ ያውቃል። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ሃርካ!» አሉ። እጅ ማለታቸው ነው፤ እጁን ተቀበል። ሌሎችም ደገሙት።

አቶ ኃይለየሱስ ሁለቱን እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ከተታቸው። ሁሉም አየ። ስብሰባው ተበተነ።

ከተወለድኩ እንዲህ ረክቼ አላውቅም።

ሚያዝያ 7

የስንብት ደብዳቤ። አይናዲስ ናት ያመጣችልኝ። በዚህኛው የፈረመው ራሱ ነው።

ሚያዝያ 12

ሹክሪያ ከአዳራሹ ወዲህ አታናግረኝም። ዛሬ ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አሸንፈናል እኮ አልኳት። አላየሽም ፊቱን?

ውኃውን ደፋች።

«አቦ ተይኝ ሣህሊ። አባቴ ላንቺ ሰጠኝ። አንቺ ለፋብሪካ። ፋብሪካው ላንቺ። አንቺ ላባቴ። አሁን ደግሞ ለዚያ ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ እያየ። እጁ የማን እንደሆነ አንዳችሁ ጠይቃችሁኛል?»

  ልትሄጂ ነው ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የራሴን ስንብት የምከስበትን ማመልከቻ እያረቀቅኩ ነበርና ተነሥቼ ወደ እሱ ሄድኩ።

ሚያዝያ 17

ሄዳለች። ጠዋት አልጋዋ ተነጥፏል። እማዬ በር ላይ አግኝታት ነበር፤ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብላታለች።

ከሰዓት ወሬው ተገኘ። ከቦርደዴዎቹ ልጆች አንዷ ደላላ ታውቃለች። ከዚያ በአፋር አድርጎ፣ ጅቡቲ፣ ባሕሩ… ሳውዲ። ስልኳ ዝግ ነው። ቦርደዴ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። ያየ የለም፤ ወይም ያየ አይናገርም።

ሚያዝያ 27

ኦቦ ኢዘዲን መጡ።

ከዒድ ሦስተኛ ቀን ነው፤ ንጹሕ ሽርጥ ለብሰዋል። በአዳራሹ የነበሩት ሽማግሌ መቻራ ተመልሰው ሁሉን ነግረዋቸዋል። ደብዳቤው ውሸት እንደነበረ። ሰውዬው እጁን እንደደበቀ። «እሱ ደበቀ፣ እኔም ደብቄያለሁ» አሉ። «ከሱ በምን እሻላለሁ?» እማዬ ወንበር አቀረበች። አልተቀመጡም። ከግቢው መሃል ቆመው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«አማናዬን አምጪ።»

ምን ላስቀምጥበት?

ነገርኳቸው። ቦርደዴ፣ ደላላው፣ አሥር ቀን። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። እዚያ ላይ ላቆም ነበር፤ ማን ይጠይቀኛል? አለቃው አለ፣ አሜሪካ አለች፣ ደብዳቤው አለ። ጥፋቱን የምሰጠው ሰው ሞልቷል። ስድስት ወር ሙሉ እሱን ስሰጥ ነው የኖርኩት።

«በሩ እንደሚዘጋ አውቅ ነበር» አልኳቸው። «ከመላኬ ከአራት ቀን በፊት። አውቄ ነው ያሳፈርኳት።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እማዬ ፊቷን አዞረች። እሳቸው አልረገሙኝም። ምራቃቸውን እንኳ አልተፉም። ወጡ፣ ባጃጅ ያዙ፣ ተከትዬ ገባሁ። መናኸሪያ ደረስን። ወደ መቻራ የሚጮኸውን መኪና አልፈው ወደ ቦርደዴ የሚሄደው ውስጥ ገቡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውረጂ አላሉኝም። 

ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። ቦርደዴ እስክንደርስ አላነሱትም። መዳፉ ወደ ላይ፣ ክፍት።