ወደዚህ አይቆጣም

ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲገባ የሚቀሰቀስብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አብሮህ አረጀ? እንቅልፍ ይወስድሃል? አሁንም ስፌቱ ይቆረቁረኛል እያልክ ካልሲህን ገልብጠህ ታደርጋለህ? አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩህን በአንድ ወረቀት ልጨርሰው ነው መሰል፤ ታገሰኝ።

እኛ አለን። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም ይላል። እኔም ልጽፈው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ራሴ ከቤት አስወጥቼህ ሳበቃ ናፈቅከኝ ብልህ ምን ትለኛለህ?

እናታችን ጉልበቷ ከዳት እንጂ አፏ እንዳለ ነው። ዛሬም ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፤ የሠራተኛውን ስፌት ሁሉ ካልነቀፈች ቀኑ አይመሽላትም። ስላንተ አታነሳም። ያንተ በርጩማ ላይ ግን ማንም እንዲቀመጥ አትፈቅድም።

አድራሻህን ያገኘሁት ከጨርቅ ነጋዴው ሾፌር ነው። ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። ጥቅል እያወረደ፣ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ብቻ ጨርቅ የሚመረምር ሰው አየሁ አለ። ማሽኑ ያላየውን እንከን እሱ በመዳፉ ያገኘዋል፣ ሥራ አስኪያጁ እንኳ እሱን ሳይጠይቅ አንድ ጥቅል አያስወጣም አለ። ስምህን ሳይጠራ አወቅኩህ። ሲያስብ ግራ እጁን አገጩ ላይ ያደርጋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እንዴት አወቅሽ አለኝ። እዚያው ጥቅሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ምስኪኑ ሾፌር የጥንት ፍቅረኛዬ መስለኸው ወንድ ሞልቷል እያለ ሊያጽናናኝ ሞከረ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ታውቀኛለህ፣ ወሬ የማበዛው አጥፍቼ ሲሆን ነው።

ካውያ የምትይዝ አንዲት ሴት ቀጥሬያለሁ። ሥራዋ እንከን አይወጣለትም። ግን ስትተኩስ ከልብሱ ጋር ታወራለች። እስቲ ዙር፣ ክንድህን አምጣ፣ እንደሱ ጎሽ ትለዋለች፣ ሸሚዙን። እንደምን አደርሽ ስትላት ደግሞ የያዘችውን ሳታጣጥፍ መልስ የለም፤ አጣጥፋ ስትጨርስ፣ አንተ ከበር ወጥተህ ከሄድክ በኋላ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች። ሬዲዮ ይሏታል። ማን አወጣላት ብትለኝ፣ ማን ሊያወጣ፣ እኔው ነኛ። ለሰው ስም ማውጣት እንደ ሙያ ይዤው አይደል የኖርኩት? አንተንም ዳባሹ ያልኩህ እኔ ነኝ። ሰው ቤት ስንገባ ከሰላምታ በፊት መጋረጃውን ትዳብስ ነበር። ጠዋት የጠየቅንህን ምሳ ላይ ትመልስ ነበር፤ ያውም በደንብ አስበህበት፣ እኛ ጥያቄውን ከረሳነው በኋላ። እኔ አንድ ቀን ዳባሹ ብዬ አሳቅኩብህ፤ በሳምንቱ የሰፈሩ ልጆች፣ በወሩ ደንበኞቹ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባል የለ። አባታችን ራሱ በመጨረሻ እስቲ ያንን ዳባሽ ጥሩልኝ ይል ጀመር።

ባለፈው ሳምንት የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ደረቱ ላይ ተቃጥሎ ተገኘ። ማነው ያቃጠለው ብዬ ጮህኩ። ወንድሜ፣ ስምንት ራስ ባንድ ጊዜ ወደ ሬዲዮ ዞረ። ቀሚሱን ያየ የለም። እኔም ሳላየው ነው የዞርኩት፤ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እሷ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። ካውያዋን አቆመችና እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠች። እንደዚያ ሆኖ የተቀመጠ ሌላ ሰው አውቃለሁ።

ቀሚሱን አነሳሁት። የተቃጠለበት ቅርጽ ጫፉ ሸራፋ ነው። ጫፉ የተሸረፈ ካውያ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ያ አሮጌው፣ ሰፊዎቹ ሲጣደፉ የሚያነሱት። ሬዲዮ ነክታው አታውቅም። ያቃጠለችው ሰፊ ኋላ ለብቻዬ ስሆን እያለቀሰች መጣች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ ሁሉም ወደዚያ ሲዞር እኔም ዞርኩ አለችኝ። ምን ብዬ ልቆጣት? የራሴን ታሪክ ነው የነገረችኝ።

የዚያን ቀኑን የከፋይ ጨርቅ ታስታውሳለህ። ጡረታ ልትወጣ የነበረችው ዳኛ ለመሰናበቻዋ ያዘዘችው ረጅም ካፖርት። ጨርቁን ሟች ባሏ ከሩቅ አምጥቶላት ስንት ዓመት በሣጥን ያኖረችው፣ ምትክ የሌለው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ያነጠፍከው አንተ ነህ፤ የካርቶን ቅዱን በላዩ ያስቀመጥኩት እኔ። ጨርቁ እንዲበቃኝ ብዬ የግራውን ደረት ቁልቁል ገለበጥኩት። አንተ መዳፍህን አመላለስክበትና፣ እታለም፣ ወደዚህ ሲሄድ ይቆጣል አልከኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ጨርቁ ተቆጥቷልና ይቅርታ ጠይቁት ብዬ ለቤቱ ሁሉ ጮህኩ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። አንተም ሳቅክ፤ ሰው ሲስቅ መሳቅ እንዳለብህ ለምደህ ነበር፣ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይተህ። ከዚያ ቆረጥኩት።

ተሰፍቶ ብርሃን ላይ ሲወጣ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ አመድ የተነሰነሰበት ሆነ። ጸጉሩ ወዴት እንደተኛ፣ ወዴት ሲዳበስ እንደሚቆጣ ሳያይ ከፋይ የቆረጠ ሰው ሥራ ነው፤ የአንድ ወር ለማጅ እንኳ የማይሳሳተው። አባታችን ማነው ብሎ ጠየቀ። ገልብጦ አንጥፎት ነው ብለው ራሶች ሁሉ ጨርቁን ወዳነጠፈው ዞሩ። ወዳንተ መጀመሪያ የዞረው የኔ ራስ ነው። ይህንን ለራሴም ነግሬው አላውቅም። አንድ ቃል አልወጣኝም፣ አልዋሸሁም እያልኩ ነው አስራ አንድ ዓመት የተኛሁት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ለማላከክ ለካ አፍ አያስፈልግም።

ለምን ብትለኝ፣ አንተ ዳባሹ ነበርክ፣ እኔ ደግሞ እጀ ወርቅ። አባታችን ደንበኛ በመጣ ቁጥር ይቺ ልጄ ተሳስታ አታውቅም እያለ ያስተዋውቀኝ ነበር። ያንን ስም ማውለቅ ፈራሁ። ላንተማ አንድ ጥፋት ቢጨመርብህ ምን ይለዋል፣ ድሮም እንዲህ ነው ይሉታል አልኩ በሆዴ። ከጥፋቱ ይልቅ ይህንን ማሰቤ ነው ዛሬ የሚያቃጥለኝ። እጅህ የሚያውቀውን የኔ ዓይን አላወቀውም ነበር፤ እኔ ግን ጎደሎው አንተ ነህ ብዬ ሰው ሁሉ እንዲያምን አደረግኩ።

አባታችን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጨርቅ እንዳትነካ አለህ። ሌላ ሰው ቢሆን አኩርፎ ይወጣ ነበር። አንተ ሦስት ቀን ሙሉ በርጩማህ ላይ፣ እጆችህን ከጭንህ ሥር አስገብተህ ተቀመጥክ። እኔ ከፊትህ እየቆረጥኩ ነበር። መቀሴ ሲንሸራተት ጣቶችህ ከጭንህ ሥር ሲንቀሳቀሱ አይ ነበር፤ አይቼም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ቆረጥኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት በርጩማው ባዶ ነበር።

አባታችን በሄድክ በሰባተኛው ዓመት ዐረፈ። ላንተ መርዶ የሚያደርስ አድራሻ አልነበረንም። ሊሞት ሰሞን አንድ ከሰዓት፣ ያንን ልጅ ጨርቅ ባልከለክለው ኖሮ አለና ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት በር ተከፈተልኝ። እኔ ግን አባዬ ውሃ ላምጣልህ አልኩት። አመጣሁለት፤ ሁለት ጉንጭ ጠጣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የጠረጠረኝ ይሁን የደከመው እስካሁን አላወቅኩም።

ከዚያ ካፖርት ወዲህ ከፋይ ቆርጬ አላውቅም። ደንበኛ ይዞ ሲመጣ ወደ ሌላ ሰፊ እልካለሁ። ሠራተኞቹ ከፋይ ያስነጥሳታል ይላሉ፤ ወሬውን ያስወራሁት እኔው ነኝ። ቀሚሱ በተቃጠለ ማግስት ግን መሰላል አስደግፌ ወደ ቆጡ ወጣሁ። የካፖርቱ የካርቶን ቅዶች በሲባጎ ታስረው ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ማንም እንዳይነካቸው ያደረግኩት እኔ ነኝ። አቧራውን እፍ ብዬ የግራውን ደረት ስገለብጠው ከጀርባው በእርሳስ ቀስት ተሥሏል። ከሥሩ ያ ወደ ግራ የሚያዘምመው ጽሕፈትህ አለ። *ወደዚህ አይቆጣም* ይላል።

የቀኙን ገለበጥኩ፤ እንዲሁ። ጀርባውን፣ ኮሌታውን፣ ሁለቱንም እጅጌ። በሁሉም ላይ ቀስት፣ በሁሉም ላይ ያችው ቃል። ካርቶን ጨርቅ አይደለም፤ እሱን እንዳትነካ አልተባልክም። እኛ ምሳ ስንበላ ይሆናል የሣልከው፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት። አባታችን ውሎው ስፌት መኪና ላይ ነበር፤ በዚያ ቤት ቅድ የሚያነሳ ሰው አንድ ብቻ እንደነበር አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።

ትናንት ለእናታችን ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ካርቶኑን ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገች። ዓይኗን ጨፈነችና በቀስቱ አቅጣጫ መዳፏን አመላለሰችበት። ከዚያ፣ የልጄን በርጩማ አቧራውን ጥረጊው አለችኝ። ጠረግኩት።

ለሠራተኞቹም ስምንቱንም ሰብስቤ ነገርኳቸው። እጀ ወርቅ የምትሏት ይህች ናት አልኳቸው። አንዷ ሳቀች፤ ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። ካውያ የምትይዘውን ሴት ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷ ባወጣችላት ስም ነው የምጠራት፤ ምላሴ ግን ልማድ ሆኖበት አሁንም ይደናቀፋል። ሐሙስ ዕለት ሬዲዮ ብያት በራሴ አፍሬ ዋልኩ። እሷ እንደሆነች አልተለወጠችም። ስሟን ስጠራት የያዘችውን ሳታጣጥፍ አትመልስም። አጠገቧ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ሸሚዝ እስኪታጠፍ መቆም ይህን ያህል ቀላል ነገር ሆኖ ሳለ፣ አንተን ለምን እንዳልጠበቅኩህ ሳስብ ያመኛል።

ና ልልህ መብት የለኝም። ይቅር ብዬሻለሁ ብለህ መልስልኝም አልልህም፤ መልስህ እንደልማድህ ቢዘገይ፣ ዓመትም ቢፈጅ፣ ይዘግይ። አንድ ነገር ግን ሠርቻለሁ። ከፋይ ገዝቼ በዚያው ቅድ፣ በቀስቶችህ እየተመራሁ ካፖርት ቆረጥኩልህ። ቁመትህን አላውቀውም፤ ሾፌሩን በሩ አጠገብ አቁሜ እስከየትህ ይደርሳል ብዬ ለካሁት፤ ዳሩ እሱ ሲያወራ ይዘላል፣ ልኩን ፈጣሪ ይወቀው። ብርሃን ላይ አውጥቼ አየሁት፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ጥቁር ነው። እጅጌውን ብቻ አልዘመዘምኩትም። ክንድህን ሳልለካ አልዘመዝመውም። ከበርጩማህ በላይ ሰቅየዋለሁ፤ ብትመጣም ባትመጣም ጫፉ እንደተከፈተ ይጠብቅሃል።

ፈጣሪ እጅህን ይጠብቅልህ። የምትነካው ሁሉ ይለስልስልህ። መልስህን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አያሳጣህ። እናታችን፣ ካልሲህን እንደፈለግክ አድርግ፣ ማንም አይንካብህ ብላሃለች፤ ቃል በቃል ነው የጻፍኩልህ።

ካፖርቱን ዳብሰኸው በየትም በኩል ከተቆጣ ንገረኝ። አሁን አልስቅም።

እታለም ትላት የነበረችው
ታላቅ እህትህ